ክርክር ያየ ቤት

ባንክ አንድን ቤት በመያዣነት ሲቀበል የሚጠይቀው ጥያቄ አጭር ነው። የይዞታ ማረጋገጫው በማን ስም ነው? የቦታው ስፋት ስንት ካሬ ሜትር ነው? ግምቱስ? ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ቀርቧል? ይህ ከተሟላ ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ብድሩም ይፈቀዳል። እንደ እኔ በባንክ ለሚሠራ ሰው ክርክር ያለበት ቤት ጣጣ ነው። የታሪክ ሰው የሚፈልገው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። ማንም ያልተጣላበት፣ ማንም ያላሳገደው፣ ከአባት ወደ ልጅ በዝምታ ያለፈ ቤት ለባንክ ወርቅ ነው፤ ለታሪክ ጸሐፊ ግን አንደበት የለውም። የተካሰሱበት ቤት ይናገራል።

ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች እንደማውቀው ላስታውስ፤ በቋንቋችን «ቤት» መኖሪያ ብቻ አይደለም። ገጣሚው ቤት ይመታል፤ ከሳሽ ፍርድ ቤት ይቆማል፤ የተጻፈው ሁሉ መዝገብ ቤት ይገባል። የአንድን የጭቃ ቤት ታሪክ ለማግኘትም ብዙ ጊዜ ከራሱ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ፍርድ ቤቱና ወደ መዝገብ ቤቱ መሄድ ግድ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ይህንኑ መንገድ ነው። ምሳሌዬም የምኖርበት የባሌ ደጋ፣ ሲናና፣ ሮቤና ጎባ ናቸው።

ለመሆኑ የፍርድ ቤት መዝገብ ለቤት ታሪክ ለምን ይጠቅማል? መልሱ ከሕጉ ይጀምራል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከሳሽ በማመልከቻው ላይ የግራ ቀኙን ስምና አድራሻ፣ የሚከራከርበትን ነገር ግምት፣ የክሱን ምክንያትና የሚጠይቀውን ዳኝነት እንዲጽፍ ያስገድዳል። ክርክሩ በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ ሲሆን ንብረቱን ለይቶ ለማወቅ የሚያስችል መግለጫ መቅረብ አለበት። ሕጉ ይህን ያዘዘው ለዳኛው ሥራ እንጂ ለታሪክ ብሎ አይደለም። ይሁን እንጂ ዳኛው ፍርዱን ከሰጠ በኋላ የተረፈው ወረቀት ለታሪክ ሆነ።

የቤት ቁጥር ባልነበረበት ዘመን የአንድ ቤት መለያ ጎረቤቱ ነበር። በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሊት፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ ወንዝ ያዋስነዋል ይባላል። ይህች አንዲት መስመር ብዙ ትሠራለች። ከአንድ መዝገብ አዋሳኞች ይገኛሉ፤ የእነዚያ አዋሳኞች መዝገብ ቢገኝ ደግሞ ሌሎች አዋሳኞች ይወጣሉ። እንዲህ እየተያያዙ የተሰበሰቡ ጥቂት ደርዘን መዛግብት ማንም መሐንዲስ ያልነሣውን የሰፈር ካርታ ያወጣሉ።

ዋጋውም ከዚያው ይገኛል። የዳኝነት ክፍያ የሚሰላው በግምቱ ላይ ስለሆነ፣ ክሱ ላይ የቤቱ ዋጋ በብር ሰፍሮ ይነበባል። እርግጥ ክፍያው እንዳይበዛበት ግምቱን ዝቅ የሚያደርግ ከሳሽ ይኖራል፤ አንባቢ ይህን ልብ ማለት አለበት። የቤቱ አሠራርም አይቀርም። በአገራችን ቤት የሚገለጸው በክፍሎቹ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ «የሃምሳ ቆርቆሮ ቤት»፣ «የሰማንያ ቆርቆሮ ቤት» ይባላል። ባልና ሚስት ሲፋቱ፣ ወንድማማች ውርስ ሲካፈሉ ቆርቆሮው ይቆጠራል፤ ማድ ቤቱ፣ በረቱ፣ አጥሩና ባሕር ዛፉ ሳይቀር ይዘረዘራል። የተስማማ ቤተሰብ ቆርቆሮውን ቆጥሮ ለልጅ ልጅ አያስተላልፍም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ ክምችት ሁለት በር ከፍቷል። አንደኛው አንቀጽ 1723 ነው፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ስለዚህ ፍርድ ቤት የተጣሉ ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ የተስማሙ ሻጭና ገዢም የሚቆሙበት ስፍራ ሆነ። ሁለተኛው አንቀጽ 1168 ነው። በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ 15 ዓመት በተከታታይ በስሙ ግብር የከፈለ ባለይዞታ ባለቤት ይሆናል ይላል። ይህ ድንጋጌ ሰዉን ደረሰኝ አስቀማጭ አደረገው። ተከራካሪ «ይዞታዬ ነው» ለማለት የአሥራ አምስት ዓመት የግብር ደረሰኝ ሰብስቦ ከመልሱ ጋር ያያይዛል። ከእነዚያ ደረሰኞች የግብሩን መጠን፣ የሰብሳቢውን መሥሪያ ቤት ስም፣ የማኅተሙን ለውጥ፣ ስሙ ከአባት ወደ ልጅ የዞረበትን ዓመት ማንበብ ይቻላል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ወደ ኋላም መመልከት ይገባል። ከጽሑፉ ዘመን በፊት ሙግት የቃል ነበር። ተሟጋቾች በአደባባይ ቆመው በላ ልበልሃ ይባባላሉ፤ ዋስ ይጠራል፤ ዋስ ያጣ በቁራኛ ይታሰራል። የንግግሩ ውበት የተደነቀውን ያህል ከፍርዱ በኋላ የሚተርፈው በሰሚዎቹ ልብ የቀረው ብቻ ነበር። ሆኖም በአንዳንድ ስፍራ ጽሑፉ ቀድሞ ገብቷል። በጎንደር በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሬትና የቤት ሽያጭ በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ ይጻፍ ነበር፤ ሻጩ፣ ገዢው፣ ዋጋው፣ ዋሱና እማኞቹ በስም ይጠቀሳሉ። እነ ዶናልድ ክረሚ የጎንደርን ዘመን የመሬት ታሪክ የጻፉት በአብዛኛው በእነዚህ ማስታወሻዎች ነው። ከአገር ውጭም ምሳሌው አለ። ግብፃዊቷ የታሪክ ሊቅ ኔሊ ሃና የካይሮን የሸሪዓ ፍርድ ቤት መዛግብት መርምራ በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረውን መካከለኛ ኑሮ ያለው ሰው ቤት በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ አሳይታለች። ቤተ መንግሥትና መስጊድ ቆመው ይታያሉ፤ የተራው ሰው ቤት ግን ፈርሶ ስለሚጠፋ ፈልጎ ማግኘት የሚቻለው በዳኛው ወረቀት ውስጥ ነው።

ወደ ባሌ ልመለስ። በጎባ ከተማ አንድ አሮጌ ቤት እናስብ፤ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ጣሪያው የዛገ ቆርቆሮ፣ በረንዳው ወደ መንገድ የዞረ። የዚህ ቤት ታሪክ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ምሰሶ አይደለም፤ ከቦታው ነው። የራስ ዳርጌ ሠራዊት በ1891 እ.ኤ.አ. ገደማ ባሌን ሲያስገብር ጎባ የጦር ሰፈር፣ ቀጥሎም የአስተዳደር ከተማ ሆነች። መሬት ለሠራዊቱ ማደሪያ ተሰጠ፤ በመሬቱ ላይ ይኖር የነበረው ኦሮሞ ገባር ሆነ። ስለዚህ የአንድ የጎባ ቤት የመጀመሪያው ሰነድ ስለ ቤት የሚናገር ላይሆን ይችላል፤ ስለ ማደሪያ፣ ስለ ግብርና ስለ አገልግሎት ነው የሚናገረው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የፍርድ አስተዳደር አዋጅ ፍርድ ቤቶችን በደረጃ አዋቀረ። በኋላም ለጥቃቅን ነገር አጥቢያ ዳኛ ተሾመ፤ እስከ 25 ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክርክር የማየት ሥልጣን ነበረው። የአጥር መግፋት፣ የጎርፍ መውረጃ፣ የከብት መግባት የመሰለው የጎረቤት ጠብ ሁሉ የሚጀምረው በዚህ ደጃፍ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ወደ ምክትል ወረዳና ወረዳ፣ ወደ አውራጃም ይወጣል። ተመራማሪ እዚህ ላይ አንድ ነገር መርሳት የለበትም፤ ባሌ ራሱን የቻለ ጠቅላይ ግዛት የሆነው በ1952 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በፊት በሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት ሥር የነበረ አውራጃ ነው። የ1940ዎቹን ይግባኝ የሚፈልግ ሰው ዓይኑን ወደ ሐረርም ማማተር ይኖርበታል።

በባሌ ሌላም በር አለ። በ1936 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 62 የቃዲና የናኢባ ፍርድ ቤቶችን በሕግ አቋቁሟል፤ ጋብቻና ፍቺ፣ ስጦታና ኑዛዜ፣ ውርስና ወቅፍ በሥልጣናቸው ሥር ነበሩ። ከነዋሪው ብዙው ሙስሊም በሆነበት አገር የቤት ውርስ ጉዳይ ወደዚያ መሄዱ የታወቀ ነው። የቤት ታሪክ ፈላጊ ሴቶችን በብዛት የሚያገኘውም በእነዚህ የቤተሰብ መዛግብት ነው። በግብር ደረሰኝ ላይ የባል ስም ብቻ ሲነበብ፣ በውርስ መዝገብ ላይ ግን ሚስትና ሴት ልጅ በስማቸውና በድርሻቸው ይቆማሉ። ያቺን ቤት ማን ይለቀልቃት፣ ማን ያጨሳት እንደነበር ለመገመት ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የመዝገቡን ጥቅም ነው። ትልቁ ጥያቄ ግን ይቀራል፤ በመዝገቡ ውስጥ የሚናገረው ማን ነው? በዘውዱ ዘመን የፍርድ ቤቱ ቋንቋ አማርኛ ነበር። የሲናና ገበሬ ቃሉን የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ፣ ጸሐፊው የሚጽፈው በአማርኛ፣ በመካከላቸው ያለው አስተርጓሚ ነው። እኛ ዛሬ የምናነበው የምስክር ቃል የምስክሩ ቃል አይደለም፤ በአስተርጓሚው አፍ አልፎ በጸሐፊው ብዕር የወጣ ነው። «ይህ መሬት የአባቴ ነው» ያለ ሰው በየትኛው ቃል እንዳለው፣ ጎሳውን ይሁን ወላጁን ማለቱ እንደሆነ ወረቀቱ አይነግረንም።

ከዚህም በላይ ብዙው ጠብ ፍርድ ቤት አይደርስም። ኦሮሞዎች ጃርሱማ የሚሉት የሽማግሌዎች ዳኝነት በዛፍ ጥላ ሥር ይጀምራል፤ በዕርቅ ያልቃል፤ ወረቀት አይተውም። ፍርድ ቤት የሚሄደው ስንቅ ያለው፣ ራፖር ጸሐፊ የሚከፍል፣ በቀጠሮ የሚመላለስ ነው። ከ1940ዎቹ ጀምሮ በባሌ መሬት በቃላድ ሲለካና በለም፣ በለም ጠፍና በጠፍ ሲመደብ፣ ግብሩን በወቅቱ ያልከፈለ ሰው መሬቱ በሌላ ስም ሲዞር፣ ስሙን በመዝገብ ያስገባው አንዱ ወገን ብቻ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። በ1955 ዓ.ም. ተጀምሮ እስከ 1962 ዓ.ም. የዘለቀው፣ ዋቆ ጉቱ የመሩት የባሌ ዓመፅ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው የመሬትና የግብር በደል ነው። ገብሩ ታረቀ በ1991 እ.ኤ.አ.፣ ቴርዬ ኦስቴቦ ደግሞ በ2020 እ.ኤ.አ. ባሳተሟቸው መጻሕፍት ይህን ዓመፅ በሰፊው መርምረዋል። ሁለቱ ለዓመፁ በሰጡት ክብደት ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው መሬትንና መደብን፣ ሁለተኛው ሃይማኖትንና ማንነትን ያጎላል። ለእኛ ጉዳይ የሚበቃን ግን ይህ ነው፤ በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ «ተከሳሽ ስላልቀረበ በሌለበት ተወሰነ» የሚል መስመር ስናነብ፣ ሰውዬው ያልቀረበው ስላልተከራከረ ላይሆን ይችላል። በረሃ ገብቶ ይሆናል። ዝምታውንም እንደ ማስረጃ ማንበብ ያስፈልጋል።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላል የአገራችን ብሂል። መወረስ የሚለው ቃል ግን ሁለት ፊት አለው። ልጅ የአባቱን ቤት ይወርሳል፤ መንግሥትም ቤት ይወርሳል። ለመቀበልም ለመነጠቅም ቋንቋችን አንድ ቃል አኑሮልናል። በ1967 ዓ.ም. ይህ ሁለተኛው ፊት ወጣ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ሐምሌ 19 ቀን በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተፈቀደ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ትርፍ ቤቶች ወደ ቀበሌ አስተዳደር ገቡ። የገጠር መሬት ክርክር ከመደበኛው ፍርድ ቤት ወጥቶ ለገበሬ ማኅበር ሸንጎ፣ የከተማውም ቦታና ቤት ክርክር ለቀበሌ ሸንጎ ተሰጠ።

ለተመራማሪው ይህ ዓመት ጥልቅ ገደል ነው። ከዚያ ወዲህ የመዝገቡ ጥያቄ ተለወጠ። ከ1967 በፊት «ባለቤቱ ማን ነው?» ይባል ነበር፤ ከዚያ በኋላ «ሕጋዊ ተከራዩ ማን ነው?» ሆነ። አባት ሲሞት ልጅ በኪራይ ውሉ ይቀጥል ወይስ ይልቀቅ የሚለው ክርክር የባለርስትነትን ክርክር ተካው። መለያውም ተለወጠ፤ ጎረቤቶቹ ጠፉ፤ ቀበሌና የቤት ቁጥር መጣ። ይህም ቢሆን ቀበሌዎች በተዋሐዱ ቁጥር ስለሚለዋወጥ የድሮውን አዋሳኝና የአዲሱን ቁጥር የሚያገናኝ አንድ ወረቀት ማግኘት ከሁሉ የሚልቅ ዕድል ነው።

በገጠሩ ሲናና ገደሉ ይብሳል። ከ1969–70 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት በኋላ የመንደር ምሥረታ ከሌሎች ክፍላተ ሀገር ቀድሞ የተጀመረው በባሌ ነው። ተበታትኖ በየእርሻው ዳር ይኖር የነበረው ገበሬ ወደ መንደር ተሰበሰበ። የቤቱ ምሰሶና ወጋግራ ተነቅሎ ሌላ ስፍራ ሲተከል፣ ቤቱ ያው ቤት ነው ወይስ ሌላ? የከተማ ቤት በስፍራው ቆሞ ባለቤት ይለዋወጥበታል፤ የሲናና ገበሬ ቤት ግን ባለቤቱን ይዞ ስፍራ ለወጠ። የፍርድ ቤት ወረቀት ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። መጠየቅ ያለባቸው ምሰሶውን የተሸከሙት ሰዎች ናቸው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ መዝገቡ እንደገና ተከፈተ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 110 ከአዋጆቹ ውጭ ያለ አግባብ የተወሰዱ ንብረቶች እንዲመረመሩ መንገድ ሰጠ። ቤታቸው ከአዋጁ ውጭ ተወሰደብን የሚሉ ሰዎች ለሃያ ዓመት በሣጥን ያኖሩትን የዘውድ ዘመን ውልና ደረሰኝ ይዘው ቀረቡ። ስለዚህ የጥንት ሰነድ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በጥንት መዝገብ ሳይሆን በቅርቡ መዝገብ ውስጥ ተያይዞ ነው። የመዝገቡ ቋንቋም ተለወጠ፤ በኦሮሚያ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ፣ ጽሕፈቱም ቁቤ ሆነ። የአንድ የጎባ ቤት ሙሉ ታሪክ ዛሬ በአንድ ፊደል አይነበብም፤ አሮጌውን በግዕዝ ፊደል፣ አዲሱን በቁቤ ማንበብ የሚችል ሰው ይፈልጋል። ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቁ ወጣቶች በሮቤና በጎባ መኖራቸው ደግሞ የዚህ አገር ሀብት ነው።

ይህን ሥራ ለመጀመር ለሚያስብ አንባቢ ጥቂት ምክር ልጨምር። መዝገብ በቤት ስም አይፈለግም፤ የሚፈለገው በተከራካሪዎቹ ስምና በመዝገብ ቁጥር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሰፈሩን ሽማግሌዎች «ይህ ቤት የማን ነበር?» ብሎ ከመጠየቅ «በዚህ ቤት እነማን ተጣሉ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ከአዲሱ መዝገብ ተነሥቶ ወደ ኋላ መሄድ ይቀላል፤ አዲሱ ፍርድ የአሮጌውን ቁጥር ይጠቅሳልና። የከሳሽን ማመልከቻ ብቻ አንብቦ ማመን አይገባም፤ የተከሳሽ መልስ፣ የምስክር ቃል፣ የፍርድ ባለዕዳው የፈጸመበት የአፈጻጸም መዝገብ ሁሉ መነበብ አለበት። ቤት ተፈርዶለት ቤቱን ሳያገኝ የሞተ ሰው ጥቂት አይደለም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ችሎት ውሳኔዎችም በቅጽ በቅጽ ታትመዋል፤ በሥር ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ ስለሆኑ ዳኛም ጠበቃም ያነባቸዋል። የታሪክ ወዳጅ ደግሞ ሕጉን ትቶ የውሳኔውን መግቢያ ያንብብ፤ ስለ ቤት የተጻፉ እጅግ ብዙ የሰው ታሪኮች እዚያ አሉ።

የአገራችን ዳኞች ፍርዳቸውን የሚዘጉበት የታወቀ መስመር አለ፤ «መዝገቡ ተዘግቷል፤ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ» ይላል። ለተከራካሪዎቹ ነገሩ በዚህ ያልቃል። ወረቀቱ ግን ከዚያ በኋላ ከምስጥ፣ ከእርጥበትና «ይህ ምን ያደርጋል?» ከሚል ሰው ጋር ሌላ ክርክር ይጀምራል፤ በዚህኛው ክርክር ጠበቃ የለውም። በደጋው ብርድና ዝናብ የቆየ መዝገብ አንድ ክረምት ጣሪያ ቢያፈስበት ቀለሙ ይሄዳል። ከአዋሳኞቹ መካከል «በምዕራብ እገሌ» የተባለውን ሰው ፊት የሚያስታውሱ ሽማግሌዎችም በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። ወረቀቱ ስሙን ያውቃል፤ እነርሱ ሰውዬውን ያውቃሉ። ሁለቱ ሳይገናኙ ከቀሩ ባለቤቱም ገባሩም፣ ተከራዩም ተከሳሹም አብረው ይጠፋሉ። እናም በቤታችሁ ሣጥን ያረጀ የክስ ወረቀት፣ የተቀደደ ደረሰኝ፣ ማኅተሙ የደበዘዘ ውል ካለ፣ እሳት ማያያዣ ከመሆኑ በፊት ከሰፈራችሁ ሽማግሌ ጋር አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጣችሁ አንብቡት። በወረቀቱ ላይ የሌለውን የነገሯችሁንም ከጀርባው ጻፉበት።